ደመና የለበሰ በረዶ

የጎጇችን ጣሪያ ከበረዶው ክረምት እንዴት እንደወጣ ለማየት አማቴን ጉድቬግን ይዤ ተራራ የወጣሁት በሕገ መንግሥቱ በዓል ዋዜማ ነበር። «ይዤ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ ይዘውኝ የወጡት እሳቸው ናቸው። ሚስቴ ስትሸኘን «ነገ ሲኔቫ በሰልፉ ላይ ትራምፔት ትነፋለች፤ ብትቀሩ ግን አልምራችሁም» ብላናለች። ልጃችን ከትምህርት ቤቱ ባንድ ጋር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ለመውረድ ተነሳን። በሩ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ትናንት ጠዋት ስንደርስ ካየነው አልተለወጠም፤ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሏል። ትናንት በዚያው ሙቀት በረዶው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያችን ላዩ ላይ እየተንኳኳ ነበር የመጣነው። ዛሬ ዱላዬን ብተክለው እስከ እጀታው ሰመጠ።

«በብሎሆርን ገደል ሥር በአቋራጩ እንሂድ፤ ቶሎ እንደርሳለን» አልኩ።

አማቴ አልሰሙኝም። ስኪያቸውን አውልቀው በእግራቸው ሲቆሙ እስከ ጉልበታቸው ገቡና ሳቁ።

«አስላክ፣ ይሄ አይገርምህም? ሙቀቱ ያው፣ በረዶው ሌላ!»

«እማማ፣ ቤት ገብተው ይገረሙ። ሰልፉ ያመልጠናል።»

«ሌሊት ለሽንት ወጥተህ ነበር አይደል? ኮቴህ መች ሰው ያስተኛል!»

«ወጥቻለሁ፤ ምነው?»

«ኮከብ አየህ?»

«የምን ኮከብ! ደመናው ጎጆው ላይ ተኝቶ ነበር።»

«የፊተኛው ሌሊትስ?»

አሰብኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

«በል እንግዲህ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ጥርት ባለ ሌሊት በረዶው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። አየሩ ባይቀዘቅዝ እንኳ እሱ ይጠጥራል። ደመና ከመጣ ግን ብርድ ልብስ እንደደረበ ሰው ሞቆት ያድራል።» አንድ እፍኝ አንስተው ጨመቁት። በጣቶቻቸው መሃል ውሃ ተንጠባጠበ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ሰልፉ ላይ ስለነበር አላሳመኑኝም። ይህን ፊቴ ላይ አነበቡ መሰል፣ ከጎጆው በታች ባለች አጭር ቁልቁለት ላይ ቡጢ የምታህል የበረዶ ኳስ ለቀቁ። ኳሷ እየተጠቀለለች፣ እየወፈረች የጋሪ ጎማ አክላ ታች ተፈረካከሰች። ቀና ብዬ ብሎሆርንን አየሁት። ያ ሁሉ ቁልቁለት እንዲህ ቢናድ አቋራጩን ይውጠዋል።

«በረጅሙ መንገድ» አልኩ።

«እኔ ምን አልኩ?»

ረጅሙ መንገድ ገደል በሌለበት በተራራው ጀርባ ይዞራል። አንዲት ጠባብ ቦይ ብቻ መሻገር ነበረብን። በረዶ ቢውጠን የምንፈላለግበት መሣሪያ መሥራቱን አይተን ተራ በተራ ተሻገርን፤ አንዱ ሲሻገር ሌላው ዓይኑን አይነቅልበትም።

ከጀርባው አቋራጩ ቁልቁል ወደሚታይበት ጉብታ ስንደርስ እህል ከጆንያ ሲፈስ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ብሎሆርን ሥር፣ እዚያው አቋራጩ ላይ፣ የበረዶ ናዳ እንደ ገንፎ እየተንፈቀፈቀ ድንጋይና ግንድ ይዞ ወረደ። አይቸኩልም፤ የሚያቆመውም የለም። ሸለቆው ሳይደርስ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ወርደን እንንካው» አሉ አማቴ።

«ምን?»

«ውስጡን ማየት አለብኝ።»

«ከላይ ገና የሚመጣ አለ! እማማ፣ በፍጹም!»

«ፈሪ አማች ጣለብኝ» ብለው አኮረፉ፤ ግን ተከተሉኝ።

ቤት ስንደርስ ሰልፉ ተበትኗል። ሲኔቫ ትራምፔቷን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሚስቴ በመስኮት አየችንና መጋረጃውን ዘጋችው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አማቴ ሲኔቫ አጠገብ ቁጭ ብለው ስለ ኮከቡ፣ ስለ ኳሷ፣ ስለ ገንፎው ይተርኩ ጀመር። ልጅቱ ፊቷን አዙራ ቆየች። በኋላ ግን አላስቻላትም።

«ገንፎ ከሆነ ለምን እስከ ታች አልፈሰሰም? ምን አቆመው?»

«እሱን ሄደን ነው የምናየው» አሉ አማቴ።

ከቀናት በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው ጠጥሮ ባደረ ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። ናዳው ሲሚንቶ ሆኗል። ዱላዬ ነጥሮ ተመለሰ። ሲኔቫ በቡጢዋ አንኳኳችና ጆሮዋን ለጠፈችበት።

«ሰው ውስጡ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች።

አማቴ አካፋቸውን አውጥተው በሙሉ ኃይላቸው መቱት። ፍንጣሪ ብቻ ተነሳ። ደግመው አልመቱም። እጃቸውን የልጅቱ ትከሻ ላይ አሳርፈው ወደ ብሎሆርን ጫፍ አዩ፤ ብርሃኑ ገና እዚያ መድረሱ ነበር።

«ፀሐይ የላዩን በረዶ ሳታለሰልሰው እንውረድ» አሉ።