የተበላሸው ቀረጻ

ኡርጂ የቪዲዮ ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ ወንድሟ ዲሪርሳ ፕሮጀክተሩን እየሰካካ ነበር። ለምን እንደመጣች ሳይነገረው ገባው። አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሃያ ምናምን ወጣቶች ልትወስድ ነው።

«ሰልፉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አስፋልቱ ላይ ነው» አለች ለሁሉም። «ሰበታና ሱሉልታም በዚያው ሰዓት ይወጣሉ።»

ዲሪርሳ ከአንድ ሰዓት በፊት ከገፈርሳ ሲመለስ፣ ወታደር የጫኑ አምስት መኪኖች ባሕር ዛፉ ውስጥ ተደብቀው አይቷል። ወዲያው ሄዶ ነግሯታል። «እኛም አይተናል» ነበር መልሷ። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ቡራዩ የተመለሰች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናታቸው ገለቴ አምና ከሞተች ወዲህ ዲሪርሳ በዚህ ዓለም ከእሷ ሌላ ሰው የለውም። እጇን ይዞ ለምኗል፤ ተቆጥቷል፤ አልቅሷል። የቀረው የሚያውቀው ሙያ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ፊልሜን እዩ» አለ።

«የትኛውን? ያለህ አንድ!» አለ የጋራዡ ጉታ። «ደብዳቤው ፍራሹ ስር ነው። ለልጅቷ ንገሯትና እንሂድ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጉታ እውነቱን ነው። ድሃ ልጅ፣ የሀብታም ልጅ፣ የጠፋ ደብዳቤ፣ በመጨረሻ ሠርግ። ቡራዩ ውስጥ ያላየው የለም፤ ግማሹ ሕዝብ ሠርጉ ላይ ሲያጨበጭብ ተቀርጿል።

«ኡርጂ፣ እንወራረድ። ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቅሽ ሂጂ፣ አልይዝሽም። እስክታውቂ ግን ቁጭ ትያለሽ።»

«ዲሪርሳ፣ ጤና የለህም? ያቀናበርኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ምን አስፈራሽ?»

ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከውርርድ ሸሽታ አታውቅም። ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ተኩል። ጊዜ አለ። በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ዲሪርሳ ያለቀውን ፊልም አልከፈተም። ላፕቶፑ ውስጥ ሲያቀናብሩ የጣሏቸው ቀረጻዎች ሁሉ አሉ፤ ከእነሱ መርጦ እየቀጣጠለ ማሳየት ጀመረ። ልጅቷ ገና ወደ ክፍሏ ሳትመጣ አባትየው ገባ፤ ፍራሹን አነሣ፤ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ከዚያ ልጅቷ እያንጎራጎረች መጣች። አንሶላውን አጠፈች። ትራሱን አራገፈች። ፍራሹን ልትነካ ስትል ሰው ጠራት፤ ሄዳ ተመለሰች። ሁሉም ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ኧረ አባትሽ ነው የወሰደው!» ብሎ ጮኸ ጉታ፣ ሊሄድ የተነሣውን ረስቶ።

ኡርጂ ከንፈሯን ነከሰች። «ይሄንን ጥለነው ነበር።»

«አላወቅሽም ማለት ነው። ተቀመጪ።»

ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ታሪክ አያረጅም፣ የሚያረጀው ነጋሪው የቆመበት ቦታ ነው፤ ቦታውን ቀይረሽ ቁሚ ይላት ነበር። አሁንም ቦታውን ቀየረ። ሠርጉን አመጣ፤ ካሜራው ግን ከሙሽሪት እናት ፊት አልነቃነቅ አለ። የመኪና ድምፅ ተሰማ።

«ሙሽራው ይገባል» አለች ኡርጂ።

መኪናው አለፈ። ማንም አልገባም። የእናትየው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲደርቅ ሃያው ወጣት ትንፋሹን ዋጠ። ኡርጂ እንደገና ተሸነፈች። ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር። ከውጭ፣ ከሩቅ፣ የሰልፈኞች ዜማና የእግር ድምፅ መጣ። ኡርጂ ወደ በሩ ዞረች።

«ሌላ አለህ?»

አልነበረውም። የቀረው «የተበላሸ» ብሎ የሰየመው አንድ ቀረጻ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሊከፍተው ልብ አጥቷል። የእናቷ ፊት ይይዛታል ብሎ አሰበ። ከፈተው።

ገለቴ ግድግዳውን ሞልታ ቆመች።

«ሃርሜ!» አለች ኡርጂ፤ እማዬ ማለቷ ነው። ዲሪርሳ ከማቀናበሩ በፊት ለብቻው ደብቆት ስለነበር ይህን ቀረጻ አይታው አታውቅም።

ነገሩ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሀብታሙ ቪላ ይሠራበታል የተባለውን ቦታ የቀረጹት እዚያው ገለቴ ማሳ ላይ ነበር፤ ግማሹን መንግሥት ወስዶባት በቀረችው ቁራሽ መሬት። ቀያሽ ሆኖ የሚተውነው ፍቅረሥላሴ ጠዋት ቤቷ ቁርስ በልቷል። ችካሉን መሬት ላይ ሲተክል ግን ገለቴ ከካሜራው ጀርባ ብድግ አለች፤ መጣች፤ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው።

«እማማ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ ፍቅረሥላሴ እየሳቀ።

«ያኔ መሬቴን ሊለኩ የመጡትም እየሳቁ ነበር» አለች፤ ችካሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ማሳዋ ላይ ተቀመጠች። «ሂንካኡ! አልነሣም!»

የቀረጻው ሰው ሁሉ ሲስቅ ይሰማል። ከሁሉም በላይ የዲሪርሳ ድምፅ፤ «ካት! አበላሸችው!»

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሳቀ የለም። ዲሪርሳ የገዛ ድምፁን ሰማና በራሱ ተናደደ። ይሄን ጥሎ ነው ደብዳቤ ያስቀረው! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን በተረት ፍቅር ሲያስጨንቅ፣ እውነተኛውን ጭንቀት፣ የገዛ እናቱን፣ የተበላሸ ብሎ ቀብሮታል። የፊልም ፈቃድ ሰጪዎቹን ፈርቶ። ፈሪ!

ኡርጂ ተነሣች። ጉንጯ እርጥብ ነው።

«በሕይወትህ የሠራኸው ፊልም ይሄ ብቻ ነው» አለችው።

«ኡርጂ፣ ውርርድ አለብን! ቀጥሎ የሚመጣውን አላወቅሽም!»

«አወቅሁት፤ እንነሣለን።»

ሃያውም ተነሡ። መጨረሻ የወጣው ጉታ ነበር። ዲሪርሳ በሩን ሊይዝ ሮጠ፤ ትከሻ ገፋው፤ ተራ በተራ አልፈውት ወጡ። ሊያስቀራት ያወጣው ነገር እሷን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይዟቸው ሄደ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ዲሪርሳም ያውቀዋል። ቡራዩ በሙሉ ያውቀዋል። ተማሪ፣ አስፋልት፣ ተኩስ፣ ግቢ ውስጥ የሚተከል ድንኳን። ከዚያ የባሰ ተደጋጋሚ ታሪክ የለም፤ ደራሲዎቹም ሳይታክታቸው አንዱን ቃል እንኳ አይቀይሩም።

የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማ።

እናቱን ግድግዳው ላይ ችካሏን እንዳቀፈች ትቷት ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ እየሮጠ ይመጣል፤ እሱ በተቃራኒው ይሮጣል። የሚመጣውን ፊት ሁሉ ያያል፤ አይደለችም፤ አይደለችም። ሙያው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ የነበረው ሰው፣ ምነው ተሳስቼ በሆነ እያለ ስሟን እየጠራ ሮጠ።