የተጣለው ናሙና

ታላቅ ወንድሟን ቤተሰቡ ሁሉ «ዝንጉ» ነው የሚለው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንገድ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም፤ ቁልፉን፣ ጃኬቱን ግን፣ አንዴም የገዛ ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ ረስቶ ቤቱ ገብቷል። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል።

እሷ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ ትመረምራለች። ከአንጀት የሚወጣው ደም ሌላ ቦታ ሳይደርስ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ሲዛባ መዘዙ ለጉበት ይተርፋል። ነገሩ እስከ ካንሰር ያደርስ እንደሆነ ነበር የሚያጠኑት። የታማሚ ሰገራ ሞልቷቸዋል፤ የቸገራቸው የጤነኛ ሰው ነው። ማን ደስ ብሎት ይሰጣል? ወንድሟን ለመነችው።

«እታለም፣ ያን ሁሉ ተምረሽ መጨረሻሽ ይሄ ሆነ?» አላት። ግን የናሙና ዕቃውን ተቀበለ፤ በማግስቱም ከሥራ ሲወጣ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣላት።

ውጤቱ ከጤነኞቹ ጋር አልገጠመም፤ ቁርጥ የጉበት ታማሚዎቹን መሰለ። አለቃዋ «ይሄን ምን እናድርገው?» ሲላት ትንሽም አላመነታችም። ያ ዝንጉ ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶት ነው አለች በሆዷ። የተበላሸ ናሙና ከጥናቱ ይወጣል፤ ደንባቸው ነው። አስጣለችው። ደውላ መጠየቅ እንኳ አልታያትም። የተበላሸ ናሙና እንዲህ እንደማይመስል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

ዓመት አልፎ አሁን ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቷል። ጉበቱ ላይ የበቀለው ካንሰር ተሰራጭቶ ለቀዶ ጥገና አልሆነም። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ቀልዱ ግን አልለቀቀውም።

«ያ ነገሬ ለምርምሩ ጠቀመ?» አላት። «ከሚስቴ ጋር እኮ አጣልቶኛል። ፍሪጅ ውስጥ ነው ያሳደርኩት። ሥራ ቦታም በበረዶ ሳጥን ይዤው ዋልኩ። የእህቴ ጉዳይ ነው፣ ይሄን እንኳ አልረሳም ብዬ።»

«ጠቅሟል» ብላ ልትገላገል ትችል ነበር። አፏ እምቢ አላት።

«አስጥዬዋለሁ ጋሼ። የታማሚ መሰለኝ፤ ረስተኸው የተበላሸ ነው አልኩ። ያኔ ሄደህ ታከም ብልህ ኖሮ...»

አልጨረሰችውም። ውጤቱ ብቻውን ካንሰር ነው አይልም፤ ግን ለአንድ አልትራሳውንድ ይበቃ ነበር። ያኔ ዕጢው ገና ትንሽ ነበር ይሆናል። ይህን «ይሆናል» ዕድሜ ልኳን ልትሸከመው ነው።

እሱ በሩ መዘጋቱን አየ።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ለሚስቴ እንዳትነግሪያት። ይቅር አትልሽም። እኔ ስሄድ ደግሞ እሷም ልጆቹም ካንቺ ሌላ ሰው የላቸውም።»

ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። በሩ ተከፈተና ሚስቱ ገባች። ስታለቅስ አገኘቻትና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አቀፈቻት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት፤ «አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር?»