ኢቢሴ ስለ ይስሐቅ ያስተማረችው

ወንጌላዊ በርናባስ የወሩን የማስተማር ተራ ሲያከፋፍል ለኢቢሴ የይስሐቅን ጉድጓዶች የሚተርከውን ዘፍጥረት ሃያ ስድስትን ሰጣት። ወረቀቱን አየችና ደሟ ፈላ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ ተመርጦ ይስሐቅ ለእሷ የደረሳት በአጋጣሚ እንዳልሆነ ገብቷታል።

በሰፈሯ በጨለለቂ የኢቢሴን የጉድጓድ ነገር የማያውቅ የለም። ባሏን ነመራን ለማስታመም አዲስ አበባ ሁለት ወር ከርማ ስትመለስ፣ ጎረቤቷ ፈይሳ የቆርቆሮ አጥሩን ወደ እሷ ግቢ ገፍቶት አገኘችው። ያስቆፈረችው የውሃ ጉድጓድ ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ለሰላም ብለሽ ተይው" ተባለች። ነመራ እንኳ "እኔ ከዳንኩልሽ ጉድጓዱ ይቅር" አላት። ተወችና በጓሮ በኩል ሌላ አስቆፈረች፤ ስምንት ሜትር ላይ አለት ወጣ። ቧንቧው እንደሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው ብቅ የሚለው። አሁን ደግሞ ይስሐቅ!

"ሆን ብለህ ነው አይደል?" አለችው በርናባስን በር ላይ ይዛ። ትምህርት ቤት አስተምራው ያደገ ልጅ ስለሆነ አንቱ አትለውም።

"አዴ ኢቢሴ፣ ይስሐቅ እኮ ጉድጓዱን ሲቀሙት ዝም ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። እግዚአብሔርም አሰፋለት። ትልቅ ትምህርት ነው።"

"እኔስ የት ልሂድ?"

"እጸልይልዎታለሁ" አላት። ይሄ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

ሳምንቱን ሙሉ ምዕራፉን እየተበሳጨች አነበበችው። የጌራራ እረኞች "ውሃው የእኛ ነው" ሲሉ፣ ይስሐቅ ትቶላቸው ሲሄድ፣ ሁለተኛውን ሲቆፍር፣ በእሱም ሲጣሉት፣ በሦስተኛው ሲያርፍ። ሰባኪ ሁሉ እዚያ ላይ ያቆማል። እሷም ልታቆም ነበር። ዓርብ የተማሪዎቿን ደብተር አርማ ስትጨርስ ግን ወደ ታች ዘለቀች። ንጉሡ አቢሜሌክ ሰዎቹን ይዞ ሊታረቅ ሲመጣ ይስሐቅ "እንኳን ደህና መጣችሁ" አላለም። ጠልታችሁ ካባረራችሁኝ በኋላ አሁን ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ፣ ነው ያላቸው። ደግማ አነበበችው። ስትሰማው የኖረችው ይስሐቅ አንደበት አልነበረውም።

እሁድ ከሰዓት በአማርኛው የጥናት ቡድን አሥራ አራት ሰው ተሰበሰበ። የፈይሳ ሚስት ኡርጂም መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች።

"ይስሐቅ ተወ እንጂ አልተበደልኩም አላለም" አለች ኢቢሴ። "እኛ ግን የተበደለውን ሰው፣ ንብረትህንም ተው፣ ቁስልህንም ደብቅ እንለዋለን። ይሄ እምነት አይደለም። እኛ እንዳይከብደን ነው።"

በርናባስ "በጸሎት እንዝጋ" ብሎ ተነሳ።

"አልጨረስኩም" አለችው፣ ተማሪ በምትቆጣበት ድምፅ። ተቀመጠ። "ጉድጓዴን ለሰላም ብዬ ትቼዋለሁ። ግን ተወስዶብኛል።"

ከዚያ በኋላ በርናባስ በጸሎት ዘጋው።

ሲወጡ ኡርጂ ደረሰችባት። "እኔ ምን ላድርገው?" አለች። "ለራሱ ንገሪው።"

"ነይ እንሂድ።"

ፈይሳ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። "አካም ኦልቴ?" አላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

"ደህና አልዋልኩም።" ዛሬ አክብራ ኦቦ አላለችውም። "ባሌ ታሞ ሳለ አጥር ገፍተህ ጉድጓዴን ወስደሃል። አልከስህም፣ ሽማግሌም አልልክብህም። ግን እንደወሰድክብኝ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ።"

ፈይሳ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ከቤተ ክርስቲያን ይሄን ተምራችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ይስሐቅን ነው የተማርነው" አለች ኡርጂ።

"ይስሐቅማ ድግስ ደግሶ አብልቷቸዋል! እሱን ዘለላችሁት?"

ኢቢሴ ከንዴቷ ብዛት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። እውነቱን ነው፤ አብልቷቸዋል።

"እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም" ብላው ወደ ቤቷ ገባች።

አጥሩ አልተነሳም። ፈይሳም ይቅርታ አላለም። ኡርጂ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት የግቢያቸውን የጎን በር ትከፍትላታለች። ኢቢሴ ራሷ ካስቆፈረችው ጉድጓድ ሁለት ጀሪካን ቀድታ ትወጣለች። ስትወጣ "ገለቶሚ" ብላ ማመስገን አለባት። አንዳንድ ቀን ቃሉን እንደምንም ታወጣዋለች፤ አንዳንድ ቀን ግን ጀሪካኑን አንጠልጥላ ዝም ብላ ትሄዳለች።