ሁለቴ የተጠራ ስም

ሰላሃዲን የጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ሣሩ ላይ ወረወረው፤ ጆሮው ውስጥ እባብ የገባበት ነበር የሚመስለው።

"አመተሥላሴ ማናት?" አለ።

አርሴማ ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች። አመተሥላሴ እሷ ናት። የክርስትና ስሟ ነው፤ የክርስትና ስም ደግሞ ለባዳ አይነገርም። ከእናቷና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የዶርም ጓደኞቿ ቢጎተጉቷት፣ ቢያባብሏት፣ ቢያኮርፏት እንኳ "ረሳሁት" ብላ አልፋለች። ያ ስም አሁን ከጓሳ ተራራ ጉም ውስጥ ወጥቶ፣ በማይክ ገብቶ፣ በሽቦ ተጉዞ አንድ የቆላ ነጋዴ ልጅ ጆሮ ውስጥ ዱብ ብሏል።

"ነፋስ ነው የሚሆነው" አለች።

"ነፋስ ስም አይጠራም፣ አርሴማ።"

ነጅዋ ማዳመጫውን ከሣሩ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችና የተቀዳውን መልሳ ከፈተችው። ነጅዋ የዩኒቨርሲቲው ጌም ሠሪዎች ክበብ ሠዓሊ ናት፤ ሳቋ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ያለውን ጅብ በሙሉ ከጉድጓዱ የሚያስበረግግ ልጅ ናት። ስታዳምጥ ሳቋ መጀመሪያ ከዓይኗ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከጉንጯ፣ በመጨረሻ ከከንፈሯ።

"ሁለቴ ነው የሚጠራው" አለች ቀስ ብላ። "ደግሞ... የራስሽን ድምፅ ነው የሚመስለው።"

የተማሪዎቹ የቪዲዮ ጌም ክበብ አባል ከመሆን መንግሥተ ሰማያት መግባት ይቀል ነበር። አርሴማ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ አንዴ ላፕቶፕ የለሽም ተብላ፣ አንዴ ሥዕል አትችይም ተብላ። እሷ ግን ሌሊት የምታልመው፣ ቀን በክፍል ውስጥ የምትፈዝበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር፦ ሰው የሠራውን ጨዋታ ስትነካካ ማደጓ ይብቃና አንድ ቀን ሰው የሷን ይጫወት። በሦስተኛው ልመናዋን ተወችና የክበቡን መሪ ሰላሃዲንን በር ላይ አቆመችው።

"ጨዋታችሁ አያስፈራም" አለችው።

ጨዋታው ጉም ውስጥ ስለጠፋ መንገደኛ ነበር። ነጅዋ ዓመቱን ሙሉ የሣለችው፣ ቀንዱ ሰማይ የሚወጋ ሰይጣን እየዘለለ ይወጣበታል።

"እንዴት አያስፈራም?"

"ቀንድ ያለው ነገር እኛ አገር በግ ነው። የሚያስፈራው በምታውቀው ድምፅ ስምህን የሚጠራህ ነው። ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ አንዴ ቢጠሩህ አቤት አትልም። ሁለቴም ቢጠሩህ አትልም። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራል። ያኛው ሦስት ላይ አይደርስም።"

"አቤት ያለስ?"

"አቤት ያለውን ጠይቀን አናውቅም። አልተገኘማ።"

ያን ዕለት ቀንዳሙ ሰይጣን ከጨዋታው ተባረረ። በቦታው ስም የሚጠራ ድምፅና ስክሪኑ ላይ "አቤት" የሚል አንድ ቁልፍ ገባ። የሰላሃዲንም ቃል ግልጽ ነበር፦ ድምፁን ከቦታው ካመጣሽ ክበቡ ትገቢያለሽ፤ የድምፅ ክፍሉም ያንቺ ነው።

ይኸው ዛሬ ጓሳ ላይ አድርሳቸዋለች። የጓሳ ጉም ደግሞ ተራ ጉም አይደለም፤ በቅሎ ከነጭነቱ ይውጣል። አንድ ዓመት አንድ የሙሽራ አጀብ ውጦ፣ ሰዎቹ ሲወጡ ሙሽሪት ልጅ አዝላ ነበር ይባላል። ይህን የሚያወሩት ጋሼ ኪዳነ፣ የአርሴማ አጎት፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ነበርኩ ባይ ናቸው። ጠዋት በርኖሳቸውን ደርበው፣ ፈረስ ይዘው ተቀበሏቸው። የማይኩን ፀጉራም ልባስ ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

"ይሄ ውሻ ይናከሳል እንዴ?"

"ማይክ ነው፣ ጋሼ" አለች አርሴማ።

"ይሁን፤ አይፈታ ብቻ። አንተስ ማን ትባላለህ?"

"ሰላሃዲን።"

"እሱን ምላሴ አይችለውም። ኢንጂነር ይበቃሃል።"

ቀኑን ሙሉም ኢንጂነር እንዳሉት ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መውረድ ሲጀምር ማዶ የታሰረውን ፈረስ ሊያመጡ ተነሡ። "ካላችሁበት ንቅንቅ እንዳትሉ" አሉ። "ስመለስ ሦስቴ እጠራለሁ። ከሦስት ካነሰ እኔ አይደለሁም።" ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ጉሙ ዋጣቸው።

ያ ስም የተቀዳው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

"አጎትሽ ቢሆኑስ? ሊያሾፉብን" አለ ሰላሃዲን።

"ጋሼ ይሄን ስም አያውቁትም።"

ሰላሃዲን ጉሙን አየ። የጓሳው ሣር ነፋስ ሳይኖር ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ቀስ በቀስ ወደ ስስት ተለወጠ።

"ይሄ እንዳለ ይገባል" አለ። "እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ጌም ዓለም ላይ የለም። የቀረን መልሱ ነው። እዚሁ፣ በዚሁ ጉም፣ አንዴ አቤት በይልኝ።"

"አልልም።"

"ለጌም እኮ ነው።"

"ጉሙ ለጌም መሆኑን በምን ያውቃል?"

"አርሴማ፣ ቀንዳሙን ያስጣልሽን አንቺ ነሽ። አሁን አንዲት ቃል ከለከልሽን። አንቺ ካላልሽ ነጅዋ ትለዋለች፤ የድምፅ ክፍሉም የእሷ ይሆናል።"

ነጅዋ ማይኩን ተቀበለች፤ ደስ ግን አላላትም። "እንዳትቀየሚኝ፣ እህቴ" አለች። "ቶሎ ልበለውና ከዚህ እንሂድ።"

አርሴማ አንድ ነገር ከማንም ሰምታ አታውቅም ነበር፦ በአንዱ ስም ሌላው አቤት ካለ የሚሄደው የትኛው ነው? ክበቡን አሰበች፤ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮቱ ያየችውን የዚያን ክፍል ብርሃን አሰበች። ነጅዋ ትንፋሿን ስባ አፏን ከፈተች። አርሴማ ሽቦውን ከሥሩ መዝዛ ነቀለችው።

የመቅጃው ቀይ መብራት ጠፋ።

"በቃ" አለ ሰላሃዲን፣ ሳይጮህ። "አንቺ የምትፈልጊው ክበብ አይደለም፤ ጠበል ነው። እዚህ ያመጣሽን እግዜር ይስጥልን። እኛ ግን ከዚህ በኋላ—"

"ሰላሃዲን።"

የጋሼ ኪዳነ ድምፅ ነበር። ከጉሙ ውስጥ፣ ከቅርብ፣ ያለ ማይክና ያለ ማዳመጫ ነው የመጣው። ሦስቱም ሰሙት።

ሰላሃዲን ዞረ። በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠራው የሚመልሰው ምላሱ እንጂ እሱ አይደለም። "አ" ከንፈሩ ላይ ደርሳለች። ዓይኑ አርሴማ ላይ አረፈ። እሷም ትክ ብላ አየችው። ያኔ ትዝ አለው። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ አልጠሩትም።

"ሰላሃዲን።"

በዚህኛው ላይ ስሙ ፊደል ሳይጎድልበት፣ እናቱ ቤት እንደሚጠራው ሆኖ ነው የመጣው። ሰላሃዲን አፉን ዘጋ። እጁንም ደረበበት። ነጅዋ የአርሴማን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ነበር። ሣሩ መወዛወዙን አቆመ፤ ያንን ዝምታ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሰማው ሁሉ ጫጫታ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ።

ብዙ ቆይቶ፣ ከወዲያኛው አቅጣጫ፣ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

"ኢንጂነር። ኢንጂነር።" ሳል መጣ፣ ስድብ ለፈረሱ፣ ከዚያ "ኢንጂነር፣ ሞታችኋል እንዴ?"

"አቤት፣ ጋሼ" አለች አርሴማ በሙሉ ድምፅዋ።

ጋሼ ኪዳነ ልጓሙን እየጎተቱ ከጉሙ ብቅ አሉ፤ በርኖሳቸው ጤዛ ለብሷል።

"ቅድም በዚያ በኩል ጠርተውን ነበር?" አለች ነጅዋ፣ ድምፁ ወደመጣበት እያመለከተች።

"በዚያ በኩል? እዚያ ገደል ነው፣ ልጄ። ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

ሰላሃዲን ማዳመጫውን ጠራርጎ መጣና አርሴማ አንገት ላይ አጠለቀው። መቅጃውንም በእጇ አስያዛት።

"ማጥፋቱንም ማስቀመጡንም አንቺ ታውቂያለሽ" አላት። "የድምፅ ክፍሉ ያንቺ ነው።"

"ቁልፉስ?" አለች ነጅዋ። "አቤት የሚለው?"

"እሱን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ" አለ ሰላሃዲን።

ጋሼ ኪዳነ ዕቃውን ፈረሱ ላይ እየጫኑ ወደ ልጁ ዞር አሉ። ቀኑን ሙሉ በኢንጂነር ብቻ መጥራታቸው ሳይቆረቁራቸው አልቀረም።

"ለመሆኑ እውነተኛ ስምህን ማን ነበር ያልከኝ? አሁን ልልመደው።"

ሰላሃዲን ወደ ገደሉ በኩል ያለውን ጉም አየ። ጉሙ የቀረበ መሰለው።

"ኢንጂነር ይበሉኝ፣ ጋሼ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።