በእጅ የተጻፉ ነጥቦች

ሻጩ ሁለቱን መሣሪያዎች ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ ገና አፉን ሳይከፍት የሚስቅ ሰው አላምንም። አንደኛው መሣሪያ ግራጫ ነው፤ ከበድ ያለ፣ ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ቀጭ ቀጭ የሚሉ። ሌላው ጥቁር ነው፤ ስስ፣ እንደ ስልክ በጣት እየዳበሱ የሚሠሩበት። ሁለቱም ከቅየሳ ዘንግ ጋር ታስረው መስክ የሚወጡ የመረጃ መዝጋቢዎች ናቸው። ከሳተላይት መቀበያው የሚመጣውን ልክ ነጥብ በነጥብ ይይዛሉ። ቢሯችን ይህን ሥራ እስካሁን በወረቀት ነበር የሚሠራው።

ሥራ አስኪያጇ ሻጩን በር ድረስ ሸኝታ ተመለሰች።

«ሁለት ሳምንት ይሞክሯቸው» አለችኝ። «ለስድስቱም ቡድን የምንገዛው አንዱን ነው። የትኛው እንደሚሻል በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ፈርመው ያምጡልኝ። እርስዎ ያላሳለፉትን እኔም አላሳልፍም።»

ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ አልገባኝም። በቢሮው ስሜ ኬላ ነው፤ ሳይፈተሽ የሚያልፍ ነገር የለም ለማለት ያወጡልኝ። ስሙን ስሰማ የምቆጣ መስዬ እታያለሁ እንጂ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት ቅየሳ የተፋቀ ቁጥር ያለበት የመስክ ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም። በኛ ሙያ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበትና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ ስህተቱም ለዘላለሙ ይነበባል። ላጲስ ይዞ መስክ የወጣ ሰው ከኔ ጋር ሁለተኛ ቀን አልሠራም።

ስለዚህ መሣሪያዎቹን እንደ ተጠርጣሪ ነበር የያዝኳቸው። ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው። ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ጣልኳቸው፤ ሻጩ ቢያይ ያ ፈገግታው የት ይገባ እንደነበር እንጃ። ቀትር ፀሐይ ላይ ቁጥራቸው ይነበብ እንደሆነ አየሁ፣ ጓንት አጥልቄ ነካካኋቸው፣ ባትሪያቸው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩ። ሁለቱም ምንም አልሆኑም። ያም ራሱ አላስደሰተኝም።

የረባ ልዩነታቸው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ጥቁሩ የተመዘገበን ነጥብ እዚያው መስክ ላይ ሆነህ እንድትቀይረው ይፈቅዳል፤ መቀየሩም አይታወቅም። ግራጫው አንዴ የያዘውን አይለቅም። በዚያ ላይ ቢሮ ተመልሰህ በኮምፒውተር ስትከፍተው ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ አንዲት ቃል አስፍሮ ታገኛለህ። ዘንጉ ቦታው ላይ ቆሞ ልኩ ከተወሰደ «የተለካ» ይላል። ሰው ቁጥሩን ራሱ በጣቱ ካስገባው ደግሞ «የተጻፈ» ይላል።

ከኔ ጋር ዘንግ የሚይዘው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ሥራውም ያው ስለሆነ፣ ዘንጌ እንለዋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ከላይ ሆኜ ቋሚውን መቀበያ እጠብቃለሁ፣ እሱ ዘንጉን ይዞ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ልኩን በወረቀት ሞልቶ ያመጣልኛል፣ እኔ «አጣርቻለሁ» ከሚለው ሥር እፈርማለሁ። መሣሪያ መጣ ሄደ ደንታም የለው። አዲስ ነገር በተገዛ ቁጥር «ዘንጉ እስካልከበደ ድረስ እኔን ምን ቸገረኝ» ነበር የሚለው።

በሦስተኛው ቀን ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ጥቁሩ ይሻላል» አለኝ።

«ለምን?»

«ቀላል ነዋ።»

«ልዩነታቸው ሁለት መቶ ግራም አይሞላም።»

«ቀኑን ሙሉ ለሚሸከመው ሰው ሁለት መቶ ግራም ቀላል ነው እንዴ?»

በማግስቱም ይኸንኑ ደገመልኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጥቁሩ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም። አንድ ቀን ደግሞ ከመስኮቴ ቁልቁል ሳይ ከሻጩ ጋር በሩ ጋ ቆሟል። ዘንጌ ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይመልሳል። ሲለያዩ ሻጩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይኼ ሰው በልቷል አልኩ በልቤ፤ እጅ መንሻ ተቀብሏል፣ ጥቁሩን እንዲያስገዛ ተነግሮታል።

ነገሩ ለኔ ቀላል አልነበረም። በልቶ ከሆነ ለሥራ አስኪያጇ መንገር አለብኝ፣ ከነገርኳት ይባረራል። ሦስት ልጆች አሉት፤ እሱን ያሳደገችው ደግሞ ሚስቴ ናት። የዚያን ቀን ምሳ ልበላ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች።

«ወንድምሽ ሰሞኑን አዲስ ነገር ገዝቷል?» አልኳት፣ እንደ ዘበት።

እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። «እንደ ምን ያለ?»

«እንጃ፤ ስልክ ምናምን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጭራሽ እዚህ ቤትም ኬላ ልትተክል ነው?» አለች። «ያ ልጅ እኮ ሰው ስጦታ ሲሰጠው መቀበል የሚያሳፍረው ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ በጥርጣሬህ እሱን እንጀራውን ካሳጣኸው እኔና አንተም አንነጋገርም።»

ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ቢሆንም የምተወው አልሆንኩም። እንዲያውም እጅ ከፍንጅ ልይዘው ቆረጥኩ።

ረቡዕ የገደሉ ሥራ ነበረን። ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሰፈሮች የሚያገናኝ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ የምሰሶዎቹ ቁፋሮ ሰኞ ይጀመራል። ሃያ ሁለት ነጥብ መለካት አለበት። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው ገደል ተለክቶ ስለነበር የድሮው ዝርዝርም እጃችን ላይ አለ። ግራጫውን አንስቼ ሰጠሁት።

«ጥቁሩስ?» አለ።

«ቻርጅ ላይ ነው» አልኩት። ውሸቴን ነበር።

መሣሪያውን እያገላበጠ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ዘንጉን አንስቶ ሄደ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ግራጫውን ለማሳጣት ብሎ ሆን ብሎ ያበላሸዋል፣ ተበላሸ ይለኛል፣ ያኔ እይዘዋለሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ምንም አልተበላሸም። ወረቀቱን እንደ ወትሮው ሞልቶ ሰጠኝ፣ እኔም እንደ ወትሮው ፈረምኩ። የምፈልገው የሻጩን እጅ ነበርና ወረቀቱን ልብ ብዬም አላየሁት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። አሥራ ሦስቱ ነጥብ «የተለካ» ይላል። ዘጠኙ «የተጻፈ»። ዘጠኙም ገደሉ ውስጥ ያሉት ናቸው። የድሮውን ዝርዝር አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቁጥሮቹ እስከ መጨረሻዋ ሚሊሜትር አንድ ናቸው። የአንድን ድንጋይ ልክ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብትወስድ እንኳ ትንሽ ይለያያል። ሦስት ዓመት ቆይቶ አንድ የሚሆን ልክ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ግራጫውን ይዤ ለብቻዬ ሄድኩ። መሣሪያው የተመዘገበን ነጥብ በቀስት እየመራ ያሳያል። ነጥብ አሥራ አራትን ጠየቅሁት፤ የወዲህኛው ምሰሶ የሚቆምበት ነው። በቁጥቋጦ መሀል እየመራ አወረደኝ፤ አሥር ሜትር፣ ስድስት፣ ሦስት። ከዚያ መሬቱ አለቀ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ዳሩን ገምሶ ወስዶታል። ቀስቱ ግን አሁንም ወደ ፊት ያመለክታል፤ ሁለት ሜትር ተኩል ይቀርሃል ይለኛል። ፊቴ ያለው አየር ነው፤ ከሥር ውኃው ይታያል። አንድ ግንድ ያዝኩ። በዚህ ወረቀት ድልድዩ በሁለት ሜትር ተኩል አጥሮ ሊሠራ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የኔ ነው።

ደወልኩለት። መጣ፤ ግን ከላይ፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ውረድ» አልኩት።

«አልችልም ጋሼ።»

«ዘጠኝ ነጥብ ለካሁ ብለህ አይደል እንዴ? በዚያው በወረድክበት ውረድ።»

«አልወረድኩም። ከወደቅሁ ወዲህ ወርጄ አላውቅም።»

እኔ ወጣሁለት። እጆቹን ጉያው ውስጥ ከቷቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ገደል ላይ አንሸራቶት አንድ ሥር ይዞ ተንጠልጥሎ ነበር። ትዝ አለኝ።

«የዚያን ቀን ስቀህብኛል» አለኝ። «ቢሮም ሄደህ ለሰው ሁሉ አወራህ። ከዚያ በኋላ ጫፍ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል ብዬ እንዴት ልንገርህ? ለማንስ እነግራለሁ? ዘንግ ያዥ ገደል ከፈራ ሥራው ምንድን ነው?»

«ከሻጩስ ጋር ምን ታወራ ነበር?»

«የትኛው ነው በእጅ የተጻፈውን የማያሳብቀው ብዬ ነው፤ ያመጣቸው ዕለትም ጠይቄው ነበር። ነገረኝ።»

«ስለዚህ ግራጫው እንደሚያሳብቅ እያወቅህ ነው ትናንት የጻፍከው?»

«እያወቅሁ ነው። ግን እንደ ሁልጊዜው ሳታይ ትፈርማለህ ብዬ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ደግሞም ፈረምክ።»

የአንድ ሰዓት ቁልቁለት በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ሲመጣ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ሳይኖር፣ ላብ እንኳ ሳያልበው ሲመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አይቼ ምን አልኩ? ጎበዝ አልኩ። ቶሎ ስለምንጨርስ ምሳ ቤቴ እበላ ነበር። የሻጭ ፈገግታ ስመዝን፣ የመሣሪያ ቁልፍ ስጠረጥር፣ ሥራዬን ያቀለለልኝን ነገር ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት አሳልፌያለሁ። አፈርኩ።

ተያይዘን ሥራ አስኪያጇ ጋ ገባን። ሰኞ የሚጀመረውን ቁፋሮ አስቁሚ አልኳት፤ ስደነግጥ «እርስዎ» ማለቴን እንኳ ረስቼዋለሁ። ዘንጌ የራሱን ተናገረ፣ እኔም የራሴን። በሁለት ዓመት ውስጥ ገደልና ወንዝ የነካ ሥራ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። አሥራ አንድ አልኳት፤ በአሥራ አንዱም ላይ አጣርቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።

አሥራ አንድ ብላ ወረቀት ላይ ጻፈች።

«የትኛውን እንግዛ?» አለች በመጨረሻ።

«ግራጫውን።»

«እሺ። እሳቸው ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግደዋል። እርስዎ ደግሞ አሥራ አንዱንም ራስዎ ወርደው ይለካሉ። ሲመለሱ የእርስዎን ፋይል ሌላ ሰው ያጣራል።»

ባለቤቴ ቃሏን ጠበቀች፤ አትናገረኝም። ከዘንጌም ጋር ለቀናት አልተነጋገርንም።

በዘጠነኛው ቀን አራተኛው ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወንዝ ዳር፣ ብቻዬን። ስድስት ነጥብ ለክቼ ጉልበቴ አልቋል። ለሰባተኛው ቀስቱ ጭቃና እሾህ ዳር አደረሰኝ፤ ስምንት ሜትር ይቀርሃል ይላል። የድሮው ቁጥር ኪሴ ውስጥ አለ። ከሱ ላይ አንዷን አኃዝ በሚሊሜትር ባዛባት ማንም አይጠረጥርም አልኩ። «የተጻፈ» ለሚለውም ቢሆን የምሰጠው ምክንያት አዘጋጀሁ፤ ውኃ ሞልቶ ነበር፣ ቦታው አልተደረሰም። ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ይኑር አይኑር።

ያ ማየቴ ራሴን አስደነገጠኝ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። በሦስተኛው ጥሪ አነሳው።

«የመጀመሪያ ቀን፣ መጀመሪያ ቁጥር የገለበጥክ ጊዜ» አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጠው፣ «ሰው ያየኝ ይሆን ብለህ ዙሪያህን አይተህ ነበር?»

ከጀርባው የልጆቹ ድምፅ ይሰማል።

«አይቼ ነበር» አለ። «አንተን ነው ያየሁት። ከላይ ቆመሃል፤ ቀና ብዬ ሳይህ አየኸኝ፣ ከዚያ ፊትህን አዞርክ።»

አላስታውሰውም። ግን አልዋሸኝም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጫማዬን ሳላወልቅ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።