የጀይሉ ፍየል

«የጀይሉ የታለ?» አለች ስርጉት።

የባሏ ታላቅ ወንድም ስሜነህ እስከ ክርኑ አዋዜ ተለውሶ በሰማያዊው ሳፋ ውስጥ የተከመረውን ሥጋ ያገላብጣል። ባሏ ደረበ ከግማሽ በርሜል የተሠራው የብረት መጥበሻ ሥር ያለውን ከሰል እያራገበ መሬት መሬት ያያል። ጠዋት አንዱ ፍየል በቀኝ፣ ሌላው በግራ ተሰቅሎበት የነበረው የኒም ዛፍ አሁን ሁለት ባዶ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎበታል።

«የጀይሉ ማለት?» አለ ስሜነህ ቀና ሳይል።

«ጀይሉ ጠዋት መጥቶ ያረደው። የእስላሙ ሥጋ። ለብቻው ነበር የሰቀልነው።»

«እዚሁ ነዋ። ሁለቱንም አንድ ላይ አሸሁት። ባርቤኪው እንዲህ ነው የሚሠራው እታለም። አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ ትንሽ ቢራ፣ ከዚያ እስኪገባው መተው ነው።»

ስርጉት ሳፋውን አየችው። ለጀይሉ ቤተሰብ ብላ የክርስቲያን ሥጋ ሳታስነካ፣ ለብቻው ምስማር ላይ ሰቅላ ያኖረችው ሳፋ ነው። እዚህ ሱዳን ጠረፍ ኮኪት ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይበላል፣ ይሳሳቃል፤ ሥጋው ግን ለየራሱ ነው። ሁሉም በየእጁ ያርዳል፣ ለየብቻ ይጠበሳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ጎንደር ከተማ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዴት ጠፋው? አልጠፋውም። ደሟን ያፈላው ይኸው ነው። እያወቀ ነው የናቀው።

«አንድ ላይ ያድርጉት ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ማን ሊነግረኝ ነው? መጥበሻውን ከጎንደር ድረስ አውቶቡስ ላይ ጭኜ ያመጣሁ እኔ፣ የምጠብስ እኔ። ፍየል ፍየል ነው። እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ማን እንዳረደው ይናገራል እንዴ?»

ወደ ባሏ ዞረች። «ደረበ፣ አንተስ የት ነበርህ?»

«እዚሁ።»

«እያየህ?»

ደረበ ማራገቡን አቆመ። «ልነግራቸው ነበር። ጋሼ ጀምረውት ደረስሁ።»

ደረበ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ወንድሙ ፊት ግን ዛሬም ልጅ ነው። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው ስሜነህ ነው። ይህን ስሜነህ ራሱ አይረሳም፣ ሌላውም እንዲረሳ አይፈቅድም። ከአውቶቡስ ከወረደባት ሰዓት ጀምሮ በቤቱ የሚያዘው እሱ ሆኗል። ወንበሩ ወዲህ ይምጣ፣ ከሰሉ ይጨመር፣ ሽንኩርቱ ደቀቀ። ስርጉት ሁሉንም እሽ እያለች ቻለችው።

እሷም በበኩሏ የማትረሳው ነገር አላት። ባለፈው ነሐሴ ደረበ የሰሊጥ እርሻው ዳስ ውስጥ ወባ ጥሎት፣ ሰው መለየት አቅቶት ተገኘ። ዋልካው መኪና የሚያስገባ አልነበረም። ጎረቤታቸው ጀይሉ ሱቁን ዘግቶ ትራክተሩን አስነሳ፤ ተሳቢው ላይ ፍራሽ አንጥፎ በዚያ ጭቃ ሽንፋ ጤና ጣቢያ አደረሰላት። ሚስቱ ዘሀቢያ መንገዱን ሙሉ በሽተኛውን ከዝናቡ በላስቲክ ጋረደችው። ስርጉት ባሏን እያስታመመች የቆየችው ሽንፋ የዘሀቢያ እህት ቤት ነው። ዘሀቢያም አብራት ሰነበተች፤ ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ዘሀቢያ «ጾምሽን እንዳላስገድፍሽ» ብላ ገበያ ወጣችና ሥጋም ቅቤም ያልነካው አዲስ ድስት ገዛች። በዚያ ድስት ሽሮ እየሠራች ታቀርብላት ነበር፤ ወደ ኮኪት ሲመለሱም ድስቱን ሰጠቻት። የቤቱን ድስት አጥባ ብትሠራበት ኖሮ ስርጉት በምን ታውቅ ነበር? አታውቅም። ዘሀቢያ ግን ታውቃለች።

እንግዲህ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ፣ የገና ጾም ነገ ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላው ቀን ጎረቤት ሰብስባ ሸያ ላብላ ያለችው ለእነዚህ ሰዎች ብላ ነው። ሸያ ይሉታል ሱዳኖቹ የከሰሉን ጥብስ፤ እዚህም ስሙ ያው ነው። ባርቤኪው የሚለው ስሜነህ ብቻ ነው።

«ሌላ ፍየል ይፈለግ» አለች።

«ገበያው እኮ ትናንት አለፈ» አለ ደረበ። «የሙስሊሞቹ ሥጋ ቤትም በጠዋት ነው የሚጨርሰው። ደግሞ ሊደርሱ ነው።»

«እንግዲያው ይነገራቸዋል።»

ስሜነህ ሳቀ። «ምን ብለሽ? ጎረቤት በሞላበት ልታዋርጅን ነው? ስሚኝ እታለም። ካላወቁ ኃጢአቱ አይቆጠርባቸውም።»

«በእነሱማ አይቆጠርም። በእኛ ነው የሚቆጠረው።»

«ደግሞ ቄስ ሆንሽ?»

«ተይው በቃ ስርጉት» አለ ደረበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬን እንለፈው። ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም። ይሸታል ግን።»

ከዚህ በላይ ብትቆም ለታላቅ የማይባል ቃል ከአፏ ሊወጣ ሆነ። ማጀት ገባች። ለነገ ጾም የጣደችው ፉል በዘሀቢያ ድስት ቀስ እያለ ይንተከተካል። ማማሰያውን አንስታ አማሰለችው። በስሜነህ ተናዳለች፤ በደረበ ግን ከዚያ ይበልጥ ተናዳለች። ከሞት ያወጣውን ሰው ለወንድሙ ኩራት አሳልፎ ሲሰጥ እንዴት እጁ ማራገቢያ ይይዛል? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዝም ማለቱ ለእሷም ቀላል ነበር። የሚያውቀው ሦስት ሰው ነው። ሥጋው ተበልቶ፣ ነገ ጾም ገብቶ፣ ነገሩ አብሮ ያልቃል። ለአፍታ ያህል ይህን አሰበችውና በራሷ አፈረች።

«ቤቶች!» የሚል የዘሀቢያ ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

ስርጉት ወጣች። ዘሀቢያ አዲስ ቢጫ የሱዳን ቶብ ተከናንባ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛለች። ተሳሳሙ። ስርጉት ወደ ጎን ልትስባት ክንዷን ስትይዛት ሌሎቹ ጎረቤቶች ተከታትለው ገቡ፤ ሰላምታውም ጨዋታውም ግቢውን ሞላው። ጀይሉ ቀድሞ ከኒሙ ሥር ተቀምጧል።

«የእኔ ፍየል የቱ ጋ ነው?» አለ እየሳቀ። «ያ ቀንዳሙ። ሲታረድ እንኳ እልኸኛ ነበር፤ ሥጋውም ጥርስ ሳይሰብር አይቀርም።»

ስሜነህ ገና የሚንጣጣ ሥጋ በሳህን ሞልቶ ከመጥበሻው ዞረ። ሰው ሁሉ እንዲያየው ሳህኑን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ጀይሉ ሄደ።

«ይኸውልህ ያንተው ነው» አለ። «በል፣ ቢስሚላሂ ብለህ ጀምርልን።»

የስርጉትን ትዕግሥት የበጠሰው ይህ ቃል ነው። ማታለሉ ሳያንሰው የሰውየውን ጸሎት ጨመረበት። ሰዎቹን አልፋ ሄደች፤ የጀይሉ እጅ ሳይደርስ ሳህኑን በመዳፏ ከደነችው። ትኩሱ ሥጋ አቃጠላት።

«እንዳትነካው ጀይሉ» አለች። «ሁለቱ ፍየል ተቀላቅሏል። ቢራም አለበት። ሲቀላቀል አንተን ለማሳት ተብሎ አይደለም። ሊሰጥህ የነበረው ግን ታውቆ ነው።»

ጮማው ከሰሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ጀይሉ እጁን ሰበሰበ። ምንም ባይነካ እንኳ ጉልበቱ ላይ ጠረገው። ስሜነህን አላየውም። የተመለከተው ደረበን ነው።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለው።

ደረበ በያዘው የሥጋ መቆንጠጫ ከሰሉን ነካካ።

«ቀልድ ነው እኮ» አለ ስሜነህ። «ልነግረው ነበር። እሷ ናት ነገር የምታካብድ።»

«ጋሼ፣ ይተው» አለች ስርጉት። ድምፅዋን አላነሳችም።

ዘሀቢያ ቶቧን ሰብስባ ተነሣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ተነሥ፣ ቤታችን እንሂድ» አለች ባሏን። ከዚያ ወደ ስርጉት ዞረች። «አንችን አይደለም። ግን እዚህ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ብትሄጅ አልፈርድብሽም» አለች ስርጉት። «ጥቂት ብቻ ቆይኝ።»

ማጀት ገብታ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወጣች። ጀይሉ ፊት፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግታ አስቀመጠችው። ዘሀቢያ ድስቱን አወቀችው። ጆሮው አጠገብ፣ ከሽንፋ ሲመጣ ትራክተሩ ላይ የተጨረመተው ቦታ አለ።

«ሥጋ ነክቶት አያውቅም» አለች ስርጉት። «ፉል ነው። ለነገ ያበሰልሁት። ዘይቱ የራሳችን ሰሊጥ ነው።»

ዘሀቢያ ለረጅም ጊዜ ቆማ ድስቱን አየችው። በመጨረሻ ጨርቁን ፈታ ዳቦውን አወጣችና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከነንዴቴ ነው የተቀመጥሁት» አለች።

«እኔም ከነንዴቴ ነኝ» አለች ስርጉት። ከጎኗም ተቀመጠች።

ስሜነህ ሳህኑን እንደያዘ ቆሟል። ጎረቤቶቹ ወደ እሱም ወደ ድስቱም እያዩ የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል።

«አንችም ልትበይው ነው?» አላት። «በቅበላ ቀን ፉል? ከነገ ጀምሮ እኮ እስከ ገና ድረስ ሥጋ የለም። ለእልህ ብለሽ ነው?»

ስርጉት ቀና ብላ አየችው። ንዴቷ እንዳለ ነው። አንቱታዋን ግን አላጓደለችበትም።

«አንቱ ይብሉ ጋሼ» አለች። «እኔ ጾሜን ገብቻለሁ።»

ከዘሀቢያ ዳቦ ቆርሳ የተቃጠለ እጇን ወደ ድስቱ ዘረጋች። ደረበ ከመጥበሻው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ያለው ሥጋ ሳይገላበጥ ማረር ጀምሯል። ስርጉት ወደ ዘሀቢያ ጠጋ አለችና በራሷና በጀይሉ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ተወች። ደረበ አያት። እሷ ግን አልጠራችውም።