ወንድማማች የተደረጉት ኮሪያውያን

ነህምያ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያቺን ውሸት የዋሸውም ለሰላም ሲል ነው። የሚሠራው አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው የአረጋውያን የቀን መዋያ ነው። ጠዋት ስፖርት ያሠራቸዋል፣ ቢንጎ ያጫውታቸዋል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ የኮሪያ ድራማ ከፍቶ ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበበ በአማርኛ ይተርክላቸዋል። ይህን ሥራ የሰጠው የለም፤ አንድ ቀን ጀመረና መተው አቃተው። ያለ እሱ ትረካ ከምሳ በኋላ የሚነቃ ሰው አልነበረም።

የሰሞኑን ድራማ የመረጠው ምስሉን ብቻ አይቶ ነው። ሱፍ የለበሱ ሁለት ሸጋ ወጣቶች ቢሮ ውስጥ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ቤተ መንግሥት ይታያል። የሥራና የታሪክ ነው ብሎ ከፈተው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ጉዱ ወጣ። አለቃውና አዲሱ ሠራተኛ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ይዋደዱ የነበሩ፣ ሞተው እንደገና የተወለዱ ናቸው። አለቃው ያኔ ወታደር ነበር፣ ሌላው የንጉሥ ጸሐፊ። ወታደሩ ለጦርነት ሲወጣ ጸሐፊው «አትሂድ» ማለት አፍሮ ዝም አለ፤ በዚያው ተለያዩ።

ሃያ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ግማሹ ጴንጤ፣ ግማሹ ኦርቶዶክስ። ነህምያን ላብ አጠመቀው። በልጅነታቸው የተጠፋፉ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ተረከ፤ ያለፈውን ሕይወት ደግሞ ሕልም አደረገው። ነገሩ ሠመረለት። ጋሽ ለገሰ፣ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ ኮስታራ ሰው፣ ወንድማማቾቹ የተገናኙ ዕለት ዓይናቸውን በመሀረብ ጠርገው «እንጸልይላቸው» አሉ። ተጸለየላቸው።

ዋሾው ግን የራሱ ጭንቀት ነበረበት። የመዋያው ቫን ሹፌር ፊልሞን ሲያትል ሥራ አግኝቷል። ነህምያና ፊልሞን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ በነህምያ አፓርትመንት፣ መጋረጃ ዘግተው የሚዋደዱ ናቸው፤ ሥራ ቦታ ግን ከ«ሃይ» እና ከ«ባይ» አያልፉም። ሰኞ ዕለት ፊልሞን ቁርጡን ነገረው። «እስከ ፍራይዴይ ጆቡን አክሰፕት ማድረግ አለብኝ። አትሂድ ካልከኝ እቀራለሁ። ዝም ካልከኝ ግን እሄዳለሁ።» ነህምያ ዝም አለ። ፊልሞንን ማጣት አልፈለገም፤ የሰውንም አፍ ፈራ።

ዓርብ ደረሰ፣ ዘጠነኛው ክፍልም አብሮ ደረሰ። በድራማው አለቃው ወደ ቡሳን ሊዛወር ነው። ሁለቱ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው፣ ያለፈው ሁሉ ትዝ ብሏቸው፣ ተሳሳሙ። ጉንጭ ለጉንጭ አይደለም። ቶሎም አላለቀም። ነህምያ ሪሞቱን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው፤ ለካ ተቀምጦበታል። «ናፍቆት ነው፣ ወንድማማች ሲነፋፈቅ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ጋሽ ለገሰ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የኮሪያ ወንድማማች እንዲህ ነው እንዴ የሚሳሳመው?»

ነህምያ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ኢንተርኔቱ ተቋረጠ ብሎ ሁለተኛውን ውሸት ጨመረ። የመሄጃ ሰዓትም ደርሶ ስለነበር ሰዉ እያጉረመረመ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

እማማ አሰለፈች ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከልጃቸው ጋር በርክ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ፤ በትረካው መሀል አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። አሁን ግን ነህምያን ጠርተው፣ አገር ቤት ሳሉ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ እንደኖሩ፣ ከድራማው ሥር የሚወጣውን ጽሑፍም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያነቡት እንደከረሙ ነገሩት። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ቢላቸው፣ ያንተ ውሸት ከፊልሙ ስለሚጥም ነው አሉት።

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቫኑ ላይ ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ፊልሞን ከበርክ እስከ አሌክሳንድሪያ ስለ ነህምያ አውርቶ አይጠግብም ነበር፤ ነህምያ እንዲህ አለ፣ ነህምያ ይህን ሠራ። ከሰኞ ወዲህ ግን ዝም ብሎ ነው የሚነዳው። ነህምያ ፊቱ ጋለ።

«ቄሱ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ» አሉ እማማ አሰለፈች። «ለፍርዱም ጋሽ ለገሰ ይበቁናል። እኔ የምልህ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ኮሪያዎች ዝም ብለው ቢለያዩ፣ አራት መቶ ዓመት ቆይተው ተወልደው ያስተካክሉታል። እኛ ክርስቲያኖች ነን ልጄ። አንዴ ነው የምንወለደው።»

ነህምያ ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው ወጣ። ፊልሞን ቫኑ አጠገብ ቆሞ ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ቀና ብሎም አላየውም። ነህምያ እማማን ከፊት አስቀመጠ፣ ቀበቷቸውን አሰረ፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ ፊልሞን ፊት ሄዶ ቆመ። ቫን ሙሉ ሰው በመስኮት ያየዋል።

«አትሂድ» አለው። «ከእኔ ጋር ቅር።»

የፊልሞን እስክርቢቶ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ አለና እዚያው እንዳጎነበሰ ሳቀ፤ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ነህምያም ሰው ሁሉ እያየ አቀፈው፤ ደስታው ፍርሃቱን በለጠበት።

ቫኑ ውስጥ ጋሽ ለገሰ ድራማው ከሆዳቸው አልወጣም። ከኋላ ወንበር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለመሆኑ ትልቁ ወንድም ቡሳን ሄደ ወይስ ቀረ?» ብለው ጠየቁ።

እማማ አሰለፈች ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

«ቀረ» አሉ። «ቀረ፣ ጋሽ ለገሰ። አሁን ቀበቶዎን ይሰሩ።»